የዜናውን ርዕስ አስቀድሙልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኢንተርኔት ቤት አለኝ። ስድስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ ኮፒ ማሽን፣ በቃ ይኸው ነው። ጋዜጣችሁን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። ወረቀቱ እኛ ጋ ሲደርስ ቀን ስለሚያልፈው፣ አሁን አሁን የማነበው ከድረ ገጻችሁ ነው። የዛሬው ደብዳቤዬ ስለ ዜናችሁ አይደለም። ኢንተርኔት በምንከፍትበት ፕሮግራም፣ በብራውዘሩ፣ አናት ላይ ለእያንዳንዱ የተከፈተ ገጽ በምትቀመጠው ታብ ላይ የጽሑፎቻችሁ ስም እንዴት እንደሚነበብ ነው። ነገሩ ትንሽ እንደሚመስል አውቃለሁ። የእኔ ዓይን ግን ቀኑን ሙሉ የሚውለው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤቱን እከፍታለሁ። መጀመሪያ የማደርገው ጨረታና ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣባቸውን ገጾች መክፈት ነው። ሰው ገና ከበሩ "ዛሬ ምን ወጣ?" እያለ ነው የሚገባው። ዕቃ አቅራቢዎች አሉ፣ ትንንሽ ተቋራጮች አሉ፣ ሥራ ፈላጊ ምሩቃን ደግሞ ከሁሉም ይበዛሉ። ኔትወርኩ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ረፈድ ሲል ይንቀራፈፋል። መብራትም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ደህና በሆነበት ሰዓት አሥርም አሥራ ሁለትም ገጽ በአንዴ ከፍቼ አስቀምጣለሁ። አንዱን ሳነብ ሌላው ከኋላ ሆኖ ይከፈትልኛል። ታብን የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። ፈጣን ኢንተርኔት ያለው ሰው አንድ ገጽ ጨርሶ ወደ ሌላው ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም። እኛ ግን ውሃ በመጣ ሰዓት ጀሪካኑን ሁሉ እንደምንሞላው ነው ታብ የምንከፍተው።

እንግዲህ ከእነዚያ አሥራ ሁለት ታቦች ሰባቱ የእናንተ ናቸው እንበል። ሰባቱም ላይ የሚታየው አንድ ነው። ያቺው አርማችሁ፣ ያው የጋዜጣው ስም፣ እሱም ሳያልቅ ይደበዝዝና ይቆረጣል። ጨረታው የቱ ነው? የትምህርቱ ዜና የቱ ነው? ለማወቅ አንድ በአንድ መጫን ነው። ደንበኛዬ ከኋላዬ ቆሞ እያየ፣ እኔ "ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም" እያልኩ እቆጥራለሁ።

ይህ የሚሆነው ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ የእያንዳንዱን ገጽ ርዕስ ሲያዘጋጅ የጋዜጣውን ስም ስላስቀደመ ነው። መጀመሪያ ጋዜጣው፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ ዜናው። ታቡ ደግሞ ከግራ ጀምሮ የሚችለውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ዜናው ጋ ሳይደርስ ቦታው ያልቃል።

እናንተን ብቻ መውቀሴ አይደለም። የመሥሪያ ቤቶቹ ገጽማ ይብሳል። ብዙዎቹ ርዕሳቸውን የሚጀምሩት "የኢትዮጵያ" ብለው ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። የ፣ ኢ፣ ት፣ ዮ፣ ጵ፣ ያ። ስድስት ፊደል ነው። በእኔ ሞኒተር ላይ አሥራ ሁለት ታብ ሲከፈት ደግሞ አንዱ ታብ ላይ የሚያድረው አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ሰፊ ነው፤ የላቲኑን ያህል አይጨናነቅም። ስለዚህ የአንዱ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ፣ የሌላው ቅጽ፣ የሦስተኛው መመሪያ፣ ሁሉም በየታቡ ላይ "የኢትዮጵያ" ብቻ ሆነው ይደረደራሉ። አገራችን መሆኗን ማን ሊረሳ? የፈለግነው የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ጉዳይ እንደሆነ ነው።

እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ መዝገብ ቤት ነው የሠራችው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ጋ እሄድ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ማኅደሮች ጫፋቸው ላይ ብቅ ያለች ጆሮ ነበረቻቸው። እናቴ እዚያች ጆሮ ላይ በብዕር፣ በጣም በተጠነቀቀ እጅ፣ የባለ ጉዳዩን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ትጽፋለች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንድም ቀን ጽፋበት አታውቅም። ምን ታደርግበታለች? መደርደሪያው በሙሉ የዚያው መሥሪያ ቤት ነው። ባለ ጉዳይ መጥቶ ስሙን ሲነግራት ጣቷን በጆሮዎቹ ላይ እያንሸራተተች ሄዳ፣ አንዷን ይዛ ስባ ታወጣለች። ማኅደሩ እስኪወጣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የብራውዘሩ ታብ የተቀዳው ከዚያች የማኅደር ጆሮ ነው። እንግሊዝኛው ቃል ራሱ ያቺን ብቅ ያለች ጆሮ የሚጠራበት ነው። የምጠይቃችሁም እናቴ ታደርግ የነበረውን ነው።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት በ1998 ዓ.ም. በሰው ቤት ተቀጥሬ ነው። ያኔ የምንሠራበት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነበር። ታብ የሚባል ነገር የለውም። ገጽ በከፈትክ ቁጥር አዲስ መስኮት ይመጣል። አሥር ገጽ አሥር መስኮት ነው። ከታች ያለው መስመር ሲሞላ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሁሉንም ሰብስቦ አንድ ቁልፍ ውስጥ ይከትታቸዋል። ሰው "ገጼ ጠፋ" ብሎ ይጣራል። ሄጄ ከታች አወጣለታለሁ። በደቂቃ ሳንቲም የሚቆጠርበት ዘመን ስለነበር የጠፋ ገጽ መፈለግ የጠፋ ገንዘብ ነበር።

ከዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፋየርፎክስን በፍላሽ ይዞልን መጣ። አንዱ መስኮት ውስጥ አምስት ገጽ ጎን ለጎን፣ እያንዳንዱ ከነስሙ። ዛሬም ድረስ ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። በኋላ ሳነብ ሐሳቡ ከዚያ በፊት የቆየ መሆኑን አወቅኩ። ኢንተርኔትወርክስ የሚባል ብራውዘር እ.ኤ.አ. በ1994 ታብ ነበረው። ፋየርፎክስ 1.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ታብ ያገኘው ሰባተኛው ዕትም ሲወጣ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ክሮም መጣና ታቦቹን ከሁሉም በላይ፣ ከአድራሻ መጻፊያው በላይ አወጣቸው። ይህ ለእኔ ትክክል ነበር። ማኅደሩም ጆሮው ከአናቱ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ከጆሮው በታች ነው።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ልበል፤ ነገሩ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ኤክስፒ ላይ ግን ከራሱ ጋር የሚመጣ የእኛ ፊደል አልነበረም። እኛ ፎንት ፈልገን እየጫንን ገጹን እናነብ ነበር። ገጹ ይነበባል፤ የመስኮቱ አናት ላይ ያለው ርዕስ ግን ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መጣ። ስሙን ያገኘው ከደጋ አጋዘናችን ነው። መጀመሪያ ጊዜ አንድ የአማርኛ ርዕስ መስኮቱ አናት ላይ በሳጥን ፋንታ በፊደል ሲመጣ ሳይ፣ ሥራ አቁሜ ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየኋት። ሁለታችንም እየሳቅን አነበብነው። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቀን ፊደሉ መጣልን። አሁን ደግሞ ፊደሉ እያለ፣ ሰባቱም ታብ ላይ ያው አንድ ቃል ነው የሚነበበው። የሚቆጨኝ ይህ ነው።

ባለፈው ክረምት የገጠመኝን ላውጋችሁ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔንም ወንድሜንም አስተምረውናል። ጋሼ ነው የምላቸው። ለልጃቸው የውጭ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ሊሞሉ መጡ። ልጅቷ የምትሠራው ገጠር ወረዳ ስለሆነ ኔትወርክ አታገኝም። "ጋሼ፣ እኔ ልሙላልዎት" አልኳቸው። "አይ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ፤ እኔው ቀስ ብዬ እሞላዋለሁ" አሉኝ። በአንድ ጣት ነው የሚጽፉት። ቁጥር ሲሆን ደግሞ ሁለቴ ሳያመሳክሩ አያልፉም። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለውን ውጤት እያንዳንዱን ትምህርት ከካርዱ እያዩ አስገቡ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀባቸው።

መጨረሻ ላይ ቅጹ በኢሜይል የተላከ የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቃቸው። ኢሜይሉን በሌላ ታብ ከፈትኩላቸው። ከቅጹ ግራና ቀኝ ደግሞ መመሪያውና ስለ ዕድሉ የሚያብራራው ገጽ ተከፍተዋል። ሦስቱም የአንድ ተቋም ገጽ ናቸው። አርማው አንድ፣ የሚታየው ጽሑፍ አንድ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገለበጡና "ይሄን የጨረስነውን መመሪያ ልዝጋው" አሉ። ጋሼ ማንኛውንም ነገር ሁለቴ ነው የሚጫኑት። ኮምፒውተር ሲማሩ ፎልደር ሁለቴ ሲጫኑት እንደሚከፈት ነው የተማሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር እንደዚያው ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ጫን መመሪያው ተዘጋ። ወዲያው ጎረቤቱ ታብ ተንሸራቶ መጥቶ መዝጊያዋን ኤክስ ልክ ከማውሱ ሥር አስቀመጣት። ሁለተኛው ጫን ያንን ዘጋው። ቅጹ ነበር።

ይህ መንሸራተት ታስቦበት የተሠራ ነው። ብዙ ታብ መዝጋት የሚፈልግ ሰው ማውሱን ሳያንቀሳቅስ ደጋግሞ እንዲጫን ነው። ለፈጣን እጅ ምቹ ነው። ለጋሼ እጅ ግን የሃምሳ ደቂቃ ልፋት ነው የሄደው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቲን አንድ ላይ ተጫንኩ፤ የተዘጋ ታብ የሚመለሰው በዚህ ነው። ገጹ ተመለሰ። ሁሉም ሳጥን ባዶ ነው።

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ "ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ አርጅቻለሁ" አሉኝ። ሒሳብ ስንት ነው ሲሉኝ አልቀበልም አልኩ። ብሩን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጠውልኝ ወጡ።

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ ላይ ያየሁት ይኸንን ነው። ብራውዘሩ መልኩን ይቀይራል፤ ሰው ግን ራሱን ይወቅሳል። ወጣቱ "ደደብ ነገር" ብሎ ማሽኑን ይሰድባል። ትልልቆቹ ግን እንደ ጋሼ ናቸው። "አልገባኝም"፣ "ዓይኔ ደክሟል"፣ "እኔ አልችልበትም" ይላሉ።

የመልክ ለውጡ ደግሞ አያባራም። ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ታቦቹን ጎናቸው የጎበጠ አደረጋቸው። በ2017 መልሶ ማዕዘን አወጣላቸው። በ2021 ከገጹ አላቆ እንደ ቁልፍ አንሳፈፋቸው፤ ገጻቸው በማይታየው ታቦች መካከል የነበረውንም መስመር አነሳው። ክሮም ደግሞ በ2018፣ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ታቦቹን ክብ ክብ አደረጋቸው። ለዓይን ያምራሉ፣ አልክድም። ግን የማኅደር ጆሮ ከማኅደሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጆሮውን ስትይዝ ማኅደሩን እንደያዝክ ታውቃለህ። ታቡ ከገጹ ጋር ያለ መስመር ሲገጥም፣ የከፈትከው ይኸኛው መሆኑን ማንም ሳይነግርህ ታየዋለህ። ከገጹ ሲላቀቅ ሰው "ይሄ ምን የሚሠራ ቁልፍ ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል።

ቀለሙም አለ። የተከፈተውን ታብ ካልተከፈተው የሚለየው በብዙዎቹ ላይ ነጭና ነጣ ያለ ግራጫ ነው። አዲስ ስክሪን ላይ ይለያል። እኔ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዕቃዬ ከጠፋብኝ በኋላ ቤቱን የጀመርኩት ባገለገሉ ሞኒተሮች ነው። ቀለማቸው ወይቧል። ጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ ስታርፍባቸው ሁለቱ ነጮች አንድ ይሆናሉ። አንዳንዴ ወንበሩን አዙሬ፣ እጄን ከስክሪኑ በላይ ጋርጄ ነው የትኛው እንደተከፈተ የምለየው። ንድፉን የሚሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ስክሪን ላይ አንድ ቀን ቢሠሩ እንዴት ደስ ባለኝ።

ግን ሰው ሲናገር ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2021 አፕል የብራውዘሩን የሳፋሪን አድራሻ መጻፊያ አይፎን ላይ ከላይ ወደ ታች ሲያወርደው፣ ገና በሙከራ ላይ እያለ ተጠቃሚው ጮኸ። ኩባንያው ወደ ላይ መመለስ የሚፈልግ እንዲመልሰው ምርጫ ሰጠ። ታቦቹን በጎን በኩል ከላይ ወደ ታች የመደርደሩ አሠራርም መጥቷል። ኤጅ የሚባለው የማይክሮሶፍት ብራውዘር በ2021፣ ፋየርፎክስ በ2025 አስገብተውታል። እኔ በሁለት ኮምፒውተር ላይ አድርጌዋለሁ። የአማርኛ ርዕስ እዚያ ላይ አሥራ አምስት ሃያ ፊደል ድረስ ይነበባል፣ በጣም ነው የወደድኩት። በቀሩት አራቱ ላይ ግን አልቻልኩም። ስክሪናቸው ጠባብ ነው፤ ጎኑን ለታብ ስሰጠው ቅጹ ይጨናነቃል፣ ሰው ወደ ጎን እየሳበ ለመሙላት ይገደዳል።

በነገራችን ላይ፣ ክሮምን በአማርኛ ያደረገ ሰው ታብን "ትር" ብሎ ነው የሚያገኘው። "አዲስ ትር" ይላል። እኔ ቤት ትር የሚል ሰው እስካሁን አልገባም። ሁሉም ታብ ነው የሚለው። ልቤ ትር ትር አለች ስንል ነው እኛ ትርን የምናውቃት። አማርኛ ማድረጋቸውን አመሰግናለሁ፤ ሰው የሚናገረውን ቢጠይቁ ግን ጥሩ ነበር።

የብራውዘሩን መልክ እናንተም እኔም አንቀይረውም። ታቡ ላይ የሚነበበውን ስም ግን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ባለሙያችሁ ቅደም ተከተሉን ቢገለብጠው ይበቃል። መጀመሪያ የዜናው ርዕስ፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ የጋዜጣው ስም። የጋዜጣው ስም ቢቆረጥም ምንም አንጎዳም፤ አርማችሁ ከጎኑ አለ፣ እሷን ሁላችንም እናውቃታለን። ጨረታ ሲሆን ደግሞ "የጨረታ ማስታወቂያ" ብላችሁ አትጀምሩት፤ ሁሉም ጨረታ ነውና። ዕቃው ይቅደም። "ጀነሬተር"፣ "የቢሮ ወንበር"፣ "ሲሚንቶ"። እነዚህ በአምስት ስድስት ፊደል እንኳ ይለያሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆችም ይህን ደብዳቤ ካነበቡ ለእነሱም የምለው ያንኑ ነው። ቅጹን "ቅጽ" በሉት፣ መመሪያውን "መመሪያ" በሉት፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከኋላ ይምጣ። ሰው ሳያስበው ቅጽ ሲዘጋ ደግሞ "የጻፉት ይጠፋል፣ ይዘጋ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ገጽ መሥራት ይቻላል። ብዙዎች ይሠሩታል። የጋሼ ቅጽ አልጠየቀም።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውት ነበር። በዚህኛው ጊዜ የቅጹን ታብ በማውስ ይዤ ወደ ታች ጎትቼ ለብቻው መስኮት አደረግኩላቸው። ኢሜይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። አጠገባቸው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ እሳቸው ቁጥሩን ሲያነቡልኝ እኔ ከካርዱ ጋር አመሳከርኩ። አርባ ደቂቃ ወሰደ። ላክነው። ከዚያ ወዲህ ቅጽ ለሚሞላ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው የማደርገው።

ሰኞ ጠዋት እንደልማዴ ገጻችሁን እከፍታለሁ። ለባለሙያችሁ ይህን ደብዳቤ አሳዩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኢንተርኔት ቤት ባለቤት አንባቢያችሁ፣
ከደሴ